የፓርላማ ተወካያችሁን ስም ሳትጎግሉ ንገሩኝ ብዬ ጠይቄ ነበር፣ የመጣውን ላጫውታችሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐሙስ ማታ እዚሁ መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ ጣል አድርጌ ተኛሁ፣ አምስት ስድስት ሰው መልሶልኝ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር፣ ጠዋት ስነሳ የመልሱ ክር ማዶ ደርሷል። አሁን ዘግይታችሁ ገብታችሁ ከላይ ጀምሮ ማንበብ የሰለቻችሁ (አልፈርድም፣ እኔም እንደዛው ነኝ) በውስጥ መስመር ምን ተባለ ምን ተባለ እያላችሁ ጨቀጨቃችሁኝ፣ ስለዚ ቁጥሩን ተከትዬ እንደመጣልኝ ላውራላችሁ። የማንንም ስም አልጠራም፣ ቃል በቃልም አልገለብጥም፣ ሰው ማታ የጻፈውን ጠዋት ሊያጠፋው ይችላልና።

ጥያቄዬ ይሄ ነበር። የምኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ነው፣ የትኛው ሳይት እንደሆነ ይቅር፣ አራተኛ ፎቅ። ውሃ ሲፈልግ በሳምንት ሲፈልግ በአስር ቀን፣ ያውም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው፣ ሰሞኑን ደሞ ጭራሽ አስራ ሁለት ቀን ሞላው። እሁድ ጠዋት ደረጃው ስር ጀሪካን ደርድረን ቦቴ እየጠበቅን ነው፣ የብሎካችን ሰብሳቢ ወረፋ እንዳይበላሽ ብለው በደብተር ስም ይጽፋሉ። እኔ ያችን የተሰነጠቀች ሰማያዊ ጀሪካኔን በሻማ ደፍኜ ነው ይዤ የወረድኩት። አንዷ ጎረቤቴ እዚም ሄድን እዛም ሄድን ከዚ በላይ ለማን አቤት ይባላል ብላ ስትማረር፣ መቼስ አፌ አያርፍም፣ ፓርላማ የላክነው ሰው አለ አይደል እንዴ ለሱ ለምን አንነግረውም አልኩ። እሺ ማነው ስሙ ተባለ። ዝም። አስራ አንድ ሰው ቆሟል፣ አንድ የሚያውቅ ጠፋ። አንዱ ብቻ አምፖል (የብልጽግና የምርጫ ምልክት) እንደመረጠ ትዝ አለው፣ አምፖል ደሞ ስልክ አያነሳም። ጠያቂዋ እኔም አላውቀውም፣ ያውም ሰኔ 14 ቀን 2013 ተሰልፌ ጣቴን ቀለም አስነክሬ የመጣሁ ሰው። ዘንድሮ 2018 ደሞ ሰባተኛው ምርጫ ነው፣ ካርድ አውጡ እየተባልን ነው። እና እናንተስ፣ ፓርላማ ውስጥ የሚወክላችሁን ሰው ስም ሳትጎግሉ የምታውቁ ስንት ናችሁ? የኔን ሃሳብ ላስቀድም፣ እኛ ሀገር ድምፅ መስጠት አለ እንጂ መወከል ገና አልመጣም ባይ ነኝ።

እንግዲህ መልሶቹ።

1ኛው አላውቅም ብሎ ከስሩ የሚስቅ ምልክት አስቀመጠ፣ አለቀ።

2ኛው ጨዋ ነው፣ ስለ ጥያቄው አመስግኖ ነው የጀመረው። እሱም አያውቅም። በ2013 ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ተሰልፎ የመረጠው ከሰዓት ዘጠኝ ላይ ነው፣ ያን ቀን ወረፋው አላልቅ ብሎ ምርጫ ቦርዱ የመዝጊያ ሰዓቱን እስከ ማታ ሦስት እንዳራዘመ ታስታውሳላችሁ። ከፊቱ የቆሙትን እናት የነጠላ ጥለት ቀለም ሳይቀር ነገረን፣ ዱካ ይዘው መጥተው እየተቀመጡ እየተነሱ እንደነበር፣ ዳቦ ቆርሰው እንዳካፈሉት። የመረጠው ሰው ስም ግን የለም። ስምንት ሰዓት ቆሞ ለማን እንደቆመ አለማወቁ ሲጽፈው ነው የገረመው መሰለኝ፣ መጨረሻው ላይ ፈዘዝ አለ።

3ኛው ጥያቄዬን አረመኝ። የሕግ ሰው ነው መሰለኝ፣ በአንቀጽ ነው የሚያወራው። ሥርዓታችን ፓርላሜንታዊ ስለሆነ፣ ወንበር የበዛለት ፓርቲ መንግስት ስለሚመሰርት፣ ሰው ፓርቲ መርጦ ቢገባ ነውር የለውም፣ ስም መሸምደድ ግዴታ አይደለም አለ። ቀጥሎ ደሞ በሕገ መንግስቱ አንቀጽ 54 መሰረት የምክር ቤቱ አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ እንጂ የእኔ ብሎክ የቧንቧ ሰራተኛ እንዳልሆነ፣ የውሃ ጉዳይ ከሆነ 138 አባላት ያሉት የከተማው ምክር ቤት እንዳለልኝ፣ ፓርላማ ያሉትን የአዲስ አበባ 23 ወንበሮች በዚህ ማስጨነቅ ትክክል እንዳልሆነ አስረዳኝ። በትህትና ነው ያስረዳኝ ግን የቧንቧ ሰራተኛዋ ትንሽ ቆንጠጥ አድርጋኛለች። የከተማ ምክር ቤት ተወካዬን ስምም እንደማላውቅ ሳልነግረው አለፍኩ።

4ኛዋ የዋዛ አይደለችም። ያንኑ አንቀጽ ወርደህ ጨርሰው አለችው፣ አባላቱ ተገዢነታቸው ለሕገ መንግስቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናቸው ብቻ ነው ተብሎ ተጽፏል፣ ፓርቲ የሚባል አራተኛ የት አየህ ብላ። ከዛ በቴሌቪዥን ስብሰባውን ስታይ የሚገርማትን ነገር ተረከች፣ የሚደግፉ ሲባል የእጅ ጫካ ይነሳል፣ የሚቃወሙ ሲባል ካሜራው እጅ ፍለጋ አዳራሹን ይዞራል፣ ድምፀ ተአቅቦ ሲባል አንዳንዱ ወረቀቱን መሰብሰብ ጀምሯል። ሕሊናቸው ሁሌ አንድ ላይ መስማማቱ ነው የሚገርመኝ ነው ነገሯ። ሳቄ መጣ።

5ኛ ላይ አንድ አባት ገቡ፣ ከመግባታቸው የሁሉም ቋንቋ እርስዎ ሆነ። ልጅ ሆነው በ1949 የመጀመሪያውን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ እንደሚያስታውሱ ነገሩን። ፓርቲ የሚባል የለም፣ ተወዳዳሪው በራሱ ስም ነው የሚቀርበው፣ ንብረት ከሌለው ግን መወዳደር አይችልም፣ ሕጉ ራሱ መሬት ወይ ሀብት ይጠይቅ ነበር። እንግዲህ ድሃ ለድሃ አይናገርም ማለት ነው። የእሳቸው ሰፈር ተወዳዳሪ በበቅሎ መጥቶ አባታቸው ቤት ጠላ ጠጥቶ እንደሄደ፣ ካሸነፈ በኋላ በቅሎዋም ሰውየውም እንዳልተመለሱ አጫወቱን። ስሙን ግን እስካሁን ያውቁታል፣ ከነአባቱ ከነአያቱ። ልዩነቱ እሱ ነው ልጄ ብለው ዘጉት።

6ኛው ያው 3ኛው ነው ተመልሶ የመጣው፣ የፓርቲ ዲሲፕሊን እንግሊዝም ጀርመንም አለ ብሎ። ማንም አላየውም፣ ሰው አባትየው ጋ ነበር።

7ኛው ሮቶ በቅናሽ እንሸጣለን እስከ ቤትዎ እናደርሳለን ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። ተሳደቡበት እንጂ እኔ ሁለት ሺ ሊትሩ ስንት ነው ብዬ በውስጥ ጠይቄዋለሁ፣ ምን ላድርግ።

8ኛው ነገሩን ወደ ሥርዓቱ ወሰደው። ረጅም ነው የጻፈው፣ ሁሉንም ልንገራችሁ ብል አንጨርስም። ጥፋቱ የሰዎቹ ሳይሆን አንድ ድምፅም ቢሆን የበለጠ ወንበሩን ጠቅልሎ የሚወስድበት የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ነው ባይ ነው። አስር ሰው ቢወዳደርና አንዱ ከመቶ 25 ቢያገኝ፣ ሌሎቹ ከዛ በታች ከሆኑ፣ እሱ ገብቶ 75ቱ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። በ2002 ከ547 ወንበር 545ቱን ኢሕአዴግና አጋሮቹ ሲወስዱ ለተቃዋሚ የተረፈችው አንዷ የግርማ ሰይፉ ወንበር ነበረች፣ ሌላዋ የግል ተወዳዳሪ፣ በ2007 ደሞ እሷም ተለቅማ 547ቱም አንድ ወገን ሆነ። በ2013 ሰኔ ላይ ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 ወንበሮች ብልጽግና 410 ወሰደ። ሀገሩ በሙሉ እንዲህ አንድ ልብ ሆኖ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ወንበር እንደ ድምፁ መጠን ቢከፋፈል ኖሮ ቢያንስ የሚጮህ ሰው ይኖረን ነበር ብሎ። ላይክ ዘነበለት፣ እኔም አድርጌያለሁ።

ከዛ 9ኛው መጣና በረዶ ውሃ ደፋብን። በ1997 ተቃዋሚው ቅንጅት አዲስ አበባ ላይ 23ቱንም የፓርላማ ወንበር፣ ከ138ቱ የከተማ ምክር ቤት ወንበር ደሞ 137ቱን ሲወስድ የት ነበራችሁ ነው ያለው። ያኔም እኮ ንብ (የኢሕአዴግን ምልክት) የመረጠ የአዲስ አበባ ሰው ነበር፣ ጎረቤታችን ነበር፣ ለሱ ድምፅ መባከን ማን አለቀሰ? ሥርዓቱ ለናንተ ሲሆን ድል፣ ለሌላው ሲሆን ዝርፊያ፣ ተዉን እባካችሁ አለ። ቃሉ ይከብዳል፣ ግን እውነቴን ነው አፌን ያዝኩ። ሚያዝያ 30 ቀን 1997 መስቀል አደባባይ ነበርኩ፣ የቅንጅትን ምልክት ሁለት ጣቴን አውጥቼ ድምፄ እስኪዘጋ የጮህኩ ሰው ነኝ፣ ከ138 137 መባሉን ስሰማ ዘለልኩ እንጂ አንዷ እንኳን ብትቀር ምን ይላታል የሚል ሃሳብ በአጠገቤ አላለፈም። ወንበር ማለት ያኔ ለኔ እንደ ጎል ነበር። ይህን እዛው ከስሩ ጽፌለታለሁ፣ መልስ አልሰጠኝም፣ ላይክም አላደረገኝ፣ ብቻ ከዛ በኋላ አልተሳደበም።

10ኛው ግን 9ኛውን አልለቀቀውም። የ97ን ነገር ወንበር ቆጥሮ ብቻ መጨረስ ነውር ነው አለ፣ የተመረጡት እኮ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ ነው እስር ቤት የገቡት፣ ከተማዋም ለባለአደራ አስተዳደር ነው የተሰጠችው፣ ኋላ በመንግስት የተቋቋመው አጣሪ ጉባኤ ራሱ የሞተውን ሲቆጥር 193 ሲቪል ነው ያለው። እና ውክልና የጠፋው በቆጠራ ሕግ ሳይሆን በሌላ ነገር ነው ባይ ነው። ያኔ ከታሰሩት አንዷ ብርቱካን ሚደቅሳ በ2011 ተመልሳ የምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢ መሆኗን አነሳ፣ ተስፋ ለመስጠት ይሁን ለምጸት አልገባኝም።

11ኛዋ 8ኛውን አረመችው። የወንበሩን ክፍፍል መቀየር አዋጅ በማሻሻል የሚሆን ነገር አይደለም፣ ሕገ መንግስቱ ራሱ አንቀጽ 54 ላይ ከተወዳዳሪዎች አብላጫ ድምፅ ያገኘ ነው የሚመረጠው ብሎ ቸክሎታል፣ እሱን ለመንቀል ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ፣ ከዛ ከክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛው መስማማት አለባቸው። መስከረም 30 ቀን 2009 ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ ፓርላማ ሲከፍቱ የምርጫ ሕጉ ይሻሻላል የተመጣጠነ ውክልና ይታከልበታል ብለው እንደነበርም አስታወሰች፣ ሀገሩ በተቃውሞ የተናጠበት ወቅት ነው። ከዛ በኋላ ፓርቲዎች ሲደራደሩ ከረሙ፣ ከዛ ለውጥ መጣ፣ ከዛ ጉዳዩን የሚያነሳው ጠፋ። ነገሩ ስልጣን ላይ ያለው ሲደነግጥ ብቻ ነው ትዝ የሚለው አለች። ከሁሉም መልስ የጠቀመኝ የሷ ነው ብል አላጋነንኩም።

12ኛው ከእስራኤል ነው፣ ነታንያ። ሻሎም ብሎ ገባና ተመጣጣኝ ተመጣጣኝ የምትሉት እኛ ጋ አለላችሁ አለ። ሀገሩ በሙሉ አንድ የምርጫ ክልል ነው፣ 120 ወንበር፣ ከመቶ 3 ነጥብ 25 ያለፈ ፓርቲ ሁሉ እንደ ድምፁ ይካፈላል። ምርጫ ጣቢያ ስትገባ የፓርቲው ፊደል የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት አንስተህ ፖስታ ውስጥ ከተህ መጣል ነው። ድምፅህ አይባክንም፣ እውነት ነው፣ ግን መንግስት መመስረት አቅቷቸው በፈረንጅ ከ2019 እስከ 2022 ባለው ውስጥ አምስቴ ምርጫ ወጥተናል አለ። ዋናው ነገር ደሞ የሰፈሬ ተወካይ የምትለው ሰው የለህም፣ ስለ ሰፈርህ ችግር ለማን ነው የምትደውለው? ሀበሻው ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ትልልቆቹ ፓርቲዎች ዝርዝራቸው ውስጥ አንድ ሀበሻ ሸጎጥ ያደርጋሉ፣ በፈረንጅ በ1996 አዲሱ መሰለ የመጀመሪያው ሆኖ ክነሴት (የእስራኤል ፓርላማ) ሲገባ እናቱ እልል ብላ ስታለቅስ አይቷል፣ ዛሬ ግን በዝርዝሩ ስንተኛ ላይ እንደምትቀመጥ የሚወስነው ፓርቲው እንጂ እኛ አይደለንም አለ። የኛ ሰው ሲኖር ስሙን እናውቃለን፣ ጉዳያችን ሲሆን ግን ለፓርቲው ነው የሚያፍረው። (የሚያፍረው የሚለው የሱ ቃል ነው፣ ደስ ስላለኝ አስቀረሁት።)

13ኛው ደሞ ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ኡበር ነው የሚሰራው። የሚነዳት መኪና ታርጋ ላይ ያለ ውክልና ግብር የሚል ነገር ተጽፏል፣ ከተማው ራሱ ነው ያሳተመው፣ ተሳፋሪ ሲጠይቀው ማስረዳት ሰልችቶታል። ዲሲ ግብር ይከፍላል፣ ፕሬዚዳንት ይመርጣል፣ ሴኔት ውስጥ ግን አንድም ወንበር የለውም፣ ታችኛው ምክር ቤት ያለችው ተወካይ ኤሌኖር ሆልምስ ኖርተን በፈረንጅ ከ1991 ጀምሮ እዛው አለች፣ ትናገራለች፣ ሕግ ሲጸድቅ ግን ድምፅ የላትም። ከኛ እልፍ ብላ ቨርጂኒያ የምትኖረው እህቴ ሁለት ሴናተር አላት፣ ድልድይ ነው የሚለየን አለ። እና የዓለም ዋና ከተማ ነኝ የሚለውም እንዲህ ነው፣ አይዞሽ ወንድሜ ብሎ ጨረሰ። አይዞሽ ወንድሜ! ሴት ነኝ ወንድ ነኝ ሳይወስን ነው የላከው።

14ኛው እሱ ላይ ወረደበት። አንተ በዶላር ተቀምጠህ ስለኛ ውሃ ምን አገባህ፣ እዚ መጥተህ ጀሪካን ተሸከምና ከዛ ታወራለህ፣ ሀገር ጥላችሁ ሄዳችሁ ደሞ ምርጫ ታማርጣላችሁ ምናምን። ከዛ የባሰም አለ፣ ትቼዋለሁ። 15ኛዋ ለዲሲው ተሟገተች፣ የኔ ወንድም በላከው ብር ነው ሦስት ዓመት የቤት ኪራይ የከፈልነው ብላ። ከዛ ውይይቱ ወደ ምንዛሬ ሄደ፣ ከምንዛሬ ወደ ዘይት፣ ከዘይት ወደ አንዱ ሠርግ ላይ ስለተበላ ክትፎ፣ ሦስት አራት ሰው በቁጥር ሳይገባ እዛው ከስር ከስር ሲጨቃጨቅ አመሸ። እኔ ተኝቻለሁ።

16ኛው ሐረሪ ነው፣ ኑሮው አዲስ አበባ። እኔ ስሙን አውቃለሁ አለ፣ የመጀመሪያው እሱ ነው! ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር ደሞ ነገረን፣ የሐረሪ ክልል ምክር ቤት ካሉት 36 ወንበሮች 14ቱ የሚመረጡት በሐረሪዎች ነው፣ ሐረር ብትኖርም አዲስ አበባ ብትኖርም። በ2013 ቦርዱ ከክልሉ ውጪ ያለው አይመርጥም ብሎ ነገሩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ነበር፣ ፍርድ ቤቱም ለነሱ ነው የፈረደው። እና ተወካዩን የሚያውቀው ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ፣ በሠርግም በለቅሶም ስለሚገናኙ ነው፣ አንድ ነገር ቢያጠፋ አክስቱ ቤት ሄዶ መውቀስ ይቻላል አለ። 17ኛው ይሄማ ውክልና ሳይሆን ዝምድና ነው ብሎ ተቃወመው። 16ኛውም መለሰለት፣ አንተ ጋ ሁለቱም የለም። ድርቅ ያለ መልስ ነው፣ ግን ማንም የሚጨምርበት አላገኘም።

18ኛዋ የካዛንቺስ ልጅ ነች፣ ነበረች ልበል። ተወልዳ ያደገችበት ሰፈር በ2017 ፈርሶ ቤተሰቡ ገላን ጉራ ነው የሄደው። ጥያቄዋ ቀላል ነው ግን እስካሁን ራሴን ይዞኛል፣ በ2013 ካዛንቺስ ሆነን የመረጥነው ሰው አሁን ማንን ነው የሚወክለው አለች። እኛ እዛ የለንም፣ እሱ ግን ወንበሩ ላይ አለ። አስፋልቱን ነው የሚወክለው? መብራቱን? እድሩ እንኳን ድንኳኑንና ሸክላ ሰሃኑን ተካፍሎ ተበትኗል፣ የድሮ የእድር ዳኛቸው እስካሁን እየደወሉ ማን ታመመ ማን ወለደ ይጠይቃሉ፣ የፓርላማው ሰውዬ ግን ደውሎ አያውቅም። 3ኛው እዚህ ጋ ገብቶ የምርጫ ክልል ወሰን የሚታየው ሕዝብ ሲቆጠር መሆኑን፣ የመጨረሻው ቆጠራ ደሞ የ1999ኙ መሆኑን፣ ከዛ በኋላ ያለው ሁሌ እንደተራዘመ አስታወሰ። አሁን ግን ለስለስ ብሎ ነው። ኮንዶሚኒየም የሚባለው ከተማ እኮ ግማሹ ከዛ ቆጠራ በኋላ ነው የበቀለው። እኔን ጨምሮ።

19ኛው አጭር ነው። ከመቀሌ ነው። እኛ ጋ በ2013 ምርጫ አልነበረም፣ 38ቱ የትግራይ ወንበሮች ባዶ ናቸው፣ ጥያቄሽ እኔ ጋ ሲደርስ ትርጉም የለውም አለ። ሰላም ሁኑ ብሎ ወጣ። ከሱ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ማንም ምንም አልጻፈም።

20ኛው ግን ቆጣ ብሎ ነው የመጣው። ስም የምናውቃቸው ተወካዮች እኮ አሉ፣ የተናገሩት ናቸው፣ የተናገሩት ደሞ የት እንዳሉ እናውቃለን አለ። የፓርላማ አባሉን ክርስቲያን ታደለን ጠቀሰ፣ በ2015 መጨረሻ መታሰሩን፣ ያለመከሰስ መብቱን ፓርላማው በ2016 ማንሳቱን። ተወካይ ዝም አለ ብላችሁ ከመውቀሳችሁ በፊት አፉን የከፈተውን እዩ ነው ክርክሩ። ሌላው ደሞ ሕግ ከማንም በላይ ነው፣ ተወካይ ስለሆነ አይጠየቅም ወይ ብሎ ተነሳ፣ በዘር ተሰዳደቡ፣ የመድረኩ ኃላፊ ገብቶ ስድስት ሰባት መልስ አጠፋ። ጥሩ አደረገ፣ ግን የጠፉት ውስጥ ሁለት የተሻሉ መልሶችም አብረው ሄደዋል፣ አንዱ ቦንጋ ያለ ሰው ነበር፣ በ2002 የግል ተወዳዳሪውን ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስን ለምን እንደመረጡ የተረከው፣ ምልክቱን ሳይሆን ሰውየውን አውቀው እንደነበር። እሱን በማስታውሰው ነው የምነግራችሁ።

21ኛዋ ሕገ መንግስቱ ተመራጭ ላይ እምነት ስታጡ አንሱት ይላል፣ አንቀጽ 12 ላይ አለ፣ ታዲያ ከማልቀስ ለምን ፊርማ አናሰባስብም አለች። ደስ የሚል ልጅ ነች፣ ተማሪ ትመስለኛለች። ከስሯ አንዱ፣ ለማንሳት እኮ መጀመሪያ ማን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል ብሎ ጻፈላት። እስካሁን ቆጥሬ ስሙን አውቃለሁ ያለ ሐረሪው፣ አንድ የደሴ መምህርና የ1949ኙን ያስታወሱት አባት ናቸው፣ የሳቸው ሰውዬ ደሞ ከሞተ ቆይቷል።

22ኛው ቅዳሜ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው የገባው። ፎቶ የለውም፣ አካውንቱ የተከፈተው በዛው ቀን ነው። ያን እሁድ እሱም ደረጃው ስር ቆሞ እንደነበር ነገረኝ። ሳይቴን አልጻፍኩም ነበር እኮ፣ በሻማ በተደፈነችው ሰማያዊ ጀሪካን ነው ያወቀኝ። አስራ አንድ ሰው ማለቴ ልክ ነው፣ ማንም አያውቅም ማለቴ ግን ስህተት ነው አለ። እሱ ስሙን ከነአባቱ ያውቀዋል፣ ስልኩም አለው፣ አንዴ በአንድ ጉዳይ ቢሮው ድረስ ሄዶ አግኝቶታል፣ ክፉ ሰው እንዳልሆነም ነገረኝ፣ ቡና ጋብዞታል። ታዲያ ለምን ዝም አልክ የሚለውን ሳልጠይቀው መለሰልኝ። ሰብሳቢያችን ደብተር ይዘው ስም እየጻፉ ነበር። ለወረፋ እንደሆነ ያውቃል፣ ሰውየው ደግ ናቸው፣ እናቱ ያረፉ ጊዜ ድንኳን የተከሉለት እሳቸው ናቸው። ግን ከስሙ ጎን ሌላ ነገር ይጻፋል ብሎ ሳይሆን እንዲሁ፣ እስክሪብቶው እየሄደ እያለ ለእገሌ እናመልክት ብሎ አፉን ማላቀቅ አልመጣለትም። ሌሎች ሁለት ሰዎችም መሬት መሬት ሲያዩ አይቷቸዋል፣ እነሱም ሳያውቁት አይቀሩም ባይ ነው።

ስንተኛ ፎቅ ነህ ብዬ ጻፍኩለት። እስካሁን መልስ የለም።

ዛሬ ጠዋት ቦቴ መጣ። አስራ አራት ሰው ነበርን፣ ሰብሳቢያችን ያው ከነደብተራቸው፣ የሁሉንም ፊት ሳይ ቆይቼ ወረፋዬ ሊያልፈኝ ነበር። ሰማያዊዋን ጀሪካን ቤት ትቻት ነው የወረድኩት፣ ከታችኛው ፎቅ ቢጫ ተውሼ።